ለከርሞ ነይ የሚለው ማሽን

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባል የለ? ባለፈው ሳምንት ጎፋ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ገብቼ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው የአንድ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ ፈትቶ ሶኬቱን ሲሰካው የጋለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። የተጠለልነው ሰዎች ሹራብ ደግሞ በዝናብ ርሷል። የጋለ አቧራና የረጠበ ሹራብ ሲደባለቁ ለእኔ አንድ ቦታ ብቻ ናቸው። ሠራተኛው ምን ልታዘዝ ሲለኝ ልቤ የልጅነት ትምህርት ቤቴ የኮምፒውተር ክፍል ደጃፍ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር።

ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ያለፍኩበት ክረምት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሊገባ ነው፣ ያን ጊዜ በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል እየተባለ በሬዲዮ ይወራል። እኛ ጤነኛውንም አይተን አናውቅም። በዚያው ሰሞን ታዲያ ለትምህርት ቤታችን ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። ሸራ ለብሰው በጭነት መኪና ሱቃችን ፊት ሲያልፉ አባቴ ሚዛኑን ይዞ ወጣና፣ ሊያብዱ ሲሉ ለእኛ ላኩልን ብሎ ሳቀ።

ከሦስቱ አንዱ እስከ መጨረሻው አልተነሳም። ሁለቱን ጋሽ ተፈራ አስነሷቸው። ጋሽ ተፈራ የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ካፖርታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው። ስለ ኮምፒውተር ጥቂት ሳምንት ሥልጠና ተልከው ነበር፤ የቀረውን ፎቶ ኮፒ ከተደረገ ወፍራም መጽሐፍ ለብቻቸው ተማሩት። ከዚያም በክፍላችን ደረጃ ከወጣነው ልጆች ጥቂቶቻችንን መርጠው፣ በዚህ ክረምት ማሽኑን ማዘዝ ትማራላችሁ አሉን። እኛ ማሽኑን የምናይ መስሎን ነበር ደስ ያለን። ማዘዝ የሚለውን ቃል ማናችንም ልብ አላልነውም።

ክፍሉ ድሮ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ቤት ነው። ወለሉን ሰም ቀብተውታል። የጎፋ የክረምት ጭቃ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ስለዚህ ቧንቧው ጋ እግራችንን ታጥበን፣ ኮንጎ ጫማችንን ደጃፉ ላይ ደርድረን ነው የምንገባው። ማሽኖቹ የጋሽ ተፈራ ባለቤት የሠሩላቸውን ነጭ ዳንቴል ለብሰው ይጠብቁናል። ዳንቴሉን የሚያነሳው ተረኛ ልጅ ነው፤ ተረኛ የሆነ ልጅ የዚያን ቀን አረማመዱ ሁሉ ይለወጣል። ዳዊት የሚባለው የክፍሌ ልጅ መጀመሪያ ቀን መቃኑን ተሳልሞ ገባ። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ቀኝ እግሬን አስቀደምኩ። ውስጥ ሁላችንም እናንሾካሹካለን፤ አንሾካሹኩ ያለን ግን አልነበረም።

ማሽኑ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለነበር አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን ነው የምናዘው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች አይሠራም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ከጋሽ ተፈራ አፍ ያልሰማንበት ቀን አልነበረም።

መብራት ይጠፋል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ጋሽ ተፈራ ግን መብራት ጠፋ ብለው ትምህርት አያቋርጡም፤ ከመካከላችን አንዱን ማሽን ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ዳዊት ነበር፤ ሳይስቅ መቆም የሚችለው እሱ ነዋ። ጠመኔውን አምጣ ስንለው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ተነስ አላልነውም። ተነስ፣ ወደፊት ሂድ እንለዋለን። ይሄዳል፤ ቁም ስላላልነው ግን ጠረጴዛውን በጉልበቱ ይገጨዋል። እኛ በዳዊት እንስቃለን፣ ጋሽ ተፈራ የሚቆጡት ግን ያዘዘውን ልጅ ነው። ማሽን ጥፋት የለበትም፣ የተነገረውን ነው የሚሰማው፣ ያላችሁትንና ልትሉ የፈለጋችሁትን ለዩ ይሉናል። ይሄ ትምህርት እቤት ድረስ ተከተለኝና ጦስ ሆነብኝ። እናቴ ወተት ጥዳ፣ ወተቱን እይው ብላኝ ወጣች። ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው ድረስ ቆሜ አየሁት። እይው ነው ያልሽኝ ብዬ ልከራከር ስል የቀመስኩት ቁንጥጫ እስከ ማግስቱ አልለቀቀኝም።

እቤት ያለው ዋና ጉዳይ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እሱም የታናሽ እህቴ የፎዚያ ነገር ነው።

ፎዚያ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው የተወለደችው። ገና በጡት ሳለች ኩፍኝ ይዟት ከሞት አፍ ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ ምላሷ እንጂ ቁመቷ አላደገም። ሱቃችን የሚመጣ ሰው ከእሷ ጋር ሳይነታረክ አይሄድም፤ የአምስት ዓመት ልጅ መስላቸው ጉንጯን ሊቆነጥሩ ሲሉ የሚሰሙትን ሰምተው ደንግጠው ይመለሳሉ።

ያን ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ለመግባት ዕድሜ የሚለካው በእጅ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አዙሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ አልደረሰም። ፎዚያ ካቻምናም አምናም መዝጋቢዎቹ ፊት ቆማ፣ ሁለቴም ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ላይ ቀርቷል። ሁለቴም ለከርሞ ነይ ብለው የመለሷት ጋሽ ተፈራ ናቸው። እናቴ፣ ወላሂ መንግሥት ሲለወጥ ነው የወለድኳት ብላ ብትምል፣ እዚህ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መንግሥት ሲለወጥ ነው የተወለደው፣ ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ምጥ ይዞት ነበር እንዴ ብለው ሰልፈኛውን አሳቁባት። ያንን ሳቅ እናቴ አልረሳችውም። በቤታችን የጋሽ ተፈራ ስም ሲነሳ ወይ ድስት ትከድናለች፣ ወይ በር ትዘጋለች።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተደራርበው የሚማሩበት ዘመን ነው፤ ልክ ካልተበጀለት ጡት ያልጣለው ሁሉ ይገባ ነበር። የወንድማቸውን ልጅ እንኳ ጆሮውን አልነካም ብለው እንደመለሱት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይሄው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሲለምኗቸው ሊራሩ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ልክ ብቻ ናቸው።

አባቴ ቁርጡን ተናገረ። ዘንድሮ ካልተቀበሏት ፎዚያ ስልጤ አገር አክስቴ ጋ ትሄዳለች፤ ሱቅ ውስጥ ከሰው ጋር ከምትነታረክ እዚያ ጥጃ ትጠብቅ አለ። በቁጣ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ያልፋል። እሱ ግን ራሷን እየደባበሰ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ፎዚያ ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛው። ቀዝቃዛ እግሯን ጎኔ ውስጥ ሳትሸጉጥ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እኔንም ያለዚያ እግር እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም ነበር። በዚያ ክረምት ሌላ የፈራሁት ነገር የለም።

ስለዚህ እጅ ማሳደግ ጀመርን። በርጩማ ላይ አቁሜ የጓዳውን በር ጉበን አስይዛትና በርጩማውን እስበዋለሁ። እስክትደክም ተንጠልጥላ ትቆያለች፤ ተንጠልጥላም ታወራለች። ስትወርድ ክንዷን የምግብ ዘይት እየቀባሁ ከትከሻዋ ወደ ጣቷ እጎትተዋለሁ። ሊጥ ሲስቡት እንደሚረዝመው እጅም የሚረዝም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ እንለካለን። ነካሁ ትለኛለች፤ አንገቷን ወደ እጇ አዘንብላ ነው። አንገትሽን አቅኚ ስላት ጣቷ ወደ ፀጉሯ ይመለሳል። ሁለታችንም ዘይት ዘይት እየሸተትን ለነገ እናሳድረዋለን።

ነሐሴ ሲጋመስ ይመስለኛል፣ ጋሽ ተፈራ ዛሬ ማሽን እንዴት እንደሚወስን እንማራለን አሉ። ሰሌዳው ላይ "ከሆነ" እና "ካልሆነ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ሁላችሁም ተነሱ፣ እጃችሁን በአናታችሁ አዙራችሁ ጆሯችሁን ንኩ አሉን። እኛ አልፈን ጉንጫችንን ደርሰናል። "ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመጣል። አያችሁ? እኔም ምዝገባ ሲደርስ ፕሮግራም ነኝ" አሉና ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየነው ያን ቀን ነው። ክፍሉ ሁሉ አብሮ ሳቀ። እኔ እጄን ከጆሮዬ ላይ ማውረድ ረስቼ ቆምኩ።

ያን ቀን አንድ ትልቅ ምስጢር የተገለጠልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ ጋሽ ተፈራም የሚፈርዱት ከእሱ ተምረው ነው አልኩ። እንግዲያ ትእዛዙን አሳምሬ ብጽፈው ማሽኑ ፎዚያን ሊቀበላት ይችላል። እሱ ከተቀበላት ጋሽ ተፈራ ምን ይላሉ? ማሽን ጥፋት የለበትም ያሉት ራሳቸው ናቸው።

እያንዳንዳችን የሚወስን ፕሮግራም እንድንጽፍ ታዘዝን። ዳዊት ዝናብ ካለ ጃንጥላ ያዝ፣ ከሌለ ተወው የሚል ጻፈ። እኔ ምዝገባውን ያዝኩ። የሹራቤን እጅጌ እየነከስኩ፣ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩት። ስም ይጠይቃል፤ ጆሮ ነካ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አዎ ከሆነ ተመዝግበሻል ይላል። አይ ከሆነ ለከርሞ ነይ ይልና ተመልሶ እንደገና ያያታል፤ ከርሞ መጣ ማለት ነው። ማሽን ፈጣን መሆኑን ሰምቻለሁ። ዓመቱን ቶሎ ቶሎ ያሳልፈዋል፣ ጥቂት ከርሞዎች ሲያልፉ የፎዚያ እጅ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ተመዝግበሻል ይላታል ብዬ ነው ያሰላሁት። እስቲ አሁን ይሄ ስሌት ምን ይጎድለዋል?

ተራዬ ሲደርስ ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ማሽኑ ግሎ አቧራው ይሸታል፣ የልጆቹ ሹራብ ይተናል። እስቲ አስነሺው አሉኝ። ስም ሲለኝ ፎዚያ ብዬ ጻፍኩ። ጆሮ ነካ ወይ አለኝ። አዎ ማለት እችል ነበር፤ ግን ውሸት ከነገራችሁት ውሸት ይነግራችኋል ተብለናል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው እውነተኛ ምዝገባ ነው። አይ ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ለከርሞ ነይ አለ። ከሥሩ ለከርሞ ነይ አለ። ከሥሩ ደግሞ ለከርሞ ነይ። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ሞላ፣ ከሞላም በኋላ አላቆመም፤ ጽሑፉ ወደ ላይ እየሸሸ ከሥር አዲስ ይመጣል፣ ሁሉም ያው ነው። ልጆቹ ከየቦታቸው ተነስተው ከበቡኝ። ዳዊት፣ ሁለት ሺህ ሳይገባ አበደ እኮ አለ፤ ሳቁ። እኔ ግን ተመዝግበሻል የምትለዋ ቃል ከየት በኩል ብቅ እንደምትል ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቅ ነበር። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይሄ ነው።

ጋሽ ተፈራ ልጆቹን ዝም አሰኟቸው። አላበደም አሉና በወረቀት የጻፍኩትን ትእዛዝ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው" አሉ። "የመለስሽው ወደ ጥያቄው ሳይሆን ወደ ፍርዱ ነው። ደግሞ አይጠይቃትም። አንዴ በተናገረችው ዘላለም ይፈርድባታል።"

"ቢጠይቃትም ያው ነው ቲቸር" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "እህቴ ስምንት ዓመቷ ነው። ኩፍኝ ነው ያስቀራት፣ እጇ አያድግም። እርስዎም በየዓመቱ ለከርሞ ነይ ነው የሚሏት።"

ማሽኑ መጻፉን አልተወም። ጋሽ ተፈራ ሊያስቆሙት ይችሉ ነበር፤ ግን እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ እንደ አዲስ ነገር መስመሩን እያዩ ቆሙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎንበስ ብለው ማሽኑን አጠፉት። "ጫማሽን አድርጊና ሂጂ" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ልለየው አልቻልኩም።

እያለቀስኩ ነው ቤት የደረስኩት፤ በዝናብ ውስጥ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም። ከክፍል የተባረርኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ የእህቴን ስም ለማይሆን ሰው አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ፤ አሁን ስሟን ስላወቁት ገና ከሩቁ ይመልሷታል ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ ስሄድ ግን እንደ ወትሮው አስገቡኝ። እስከ ክረምቱ መጨረሻም ስለ ጆሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

የምዝገባው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል፤ ከጎፋም፣ ከለቡም፣ ከላፍቶም የመጣ ሰው ነበር። እናቴ ጥቁሩን ጃንጥላ ይዛለች። ፎዚያ የእኔን ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ አሳጥረንላት ለብሳለች፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ነገር አልተናገረችም። በረንዳው ላይ ጋሽ ተፈራ ከአንዲት ወጣት አስተማሪ ጋር ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እሳቸው ይለካሉ፣ እሷ ትጽፋለች።

ከእኛ ፊት አንድ የላፍቶ ገበሬ ከልጁ ጋር ነበር። ልጁ የትልቅ ሰው ኮት ለብሶ እጅጌውን ጠቅልሎታል። እጁን አዞረ፣ አልደረሰም። "ለከርሞ" አሉት ጋሽ ተፈራ። አባትየው አልተከራከረም፤ እሺ ጌታዬ አለና የልጁን እጅ ይዞ ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

ፎዚያ ቀረበች። እጇን አነሳች። አንገቷን ልታዘነብል ስትል ጋሽ ተፈራ በሁለት ጣት አገጯን ይዘው አቀኑት። ጣቷ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። ክረምቱን ሙሉ ተጎትቶ ተጎትቶ አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም። ወጣቷ አስተማሪ አልነካችም አለችና ከእኛ ቀጥሎ ወዳለው ልጅ ተመለከተች። እናቴ ጃንጥላዋን አጥብቃ ያዘች። እኔ የእሷን ሻርፕ ይዤ ከኋላዋ ተደብቄያለሁ፤ ጋሽ ተፈራ ቀና ሲሉ ግን አዩኝ።

"ይቺ ናት?" አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ፎዚያን ትንሽ አይተዋት ሲያበቁ፣ አፍሽን ክፈቺ አሏት። ከፈተች። ከፊት ያሉት የወተት ጥርሶቿ ከረገፉ ቆይተዋል፤ በቦታቸው ለዚያች ትንሽ ፊት የማይሆኑ ትልልቅ ጥርሶች በቅለዋል። መቼ ነው የነቀልሽው ብለው ጠየቋት።

ፎዚያ ያን ጊዜ ነው አንደበቷ የተፈታው። የታችኞቹን ካቻምና፣ የላይኞቹን አምና፣ አንዱን ግን ብስኩት እየበላች ስለዋጠችው ጣሪያ ላይ እንዳልጣለችው፣ እሱ መብቀሉም እንደሚገርማት ትነግራቸው ጀመር። ወጣቷ አስተማሪ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

"ጋሽ ተፈራ፣ እጇ አልነካም እኮ።"

"የምንፈልገው ዕድሜዋን ነው፤ እሱን ጥርሷ ነግሮናል" አሉ። "እጇን ምን እናደርገዋለን? ጻፊ።"

እናቴ አልሐምዱሊላህ ያለችው በጣም በቀስታ ነው። እኔ ፎዚያን ከወገቧ አቅፌ ላነሳት ሞከርኩ። ትቀራለች፣ እግሯ ጎኔ ላይ ይቀራል፣ ጥጃዋን ሌላ ሰው ይጠብቅ፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ቀጥሎ ያለው ልጅ እጁን አዙሮ ጆሮውን ይዞ ቀረበ። ጋሽ ተፈራ ግን እሱን አላዩትም። የሚያዩት የግቢውን በር ነው። ዘበኛውን ጠርተው፣ ያ ኮት የለበሰው ልጅ ሩቅ ሳይሄድ ድረስበት ብለው ወደ ላፍቶ በሚወርደው መንገድ ላኩት። ከዚያ መቀመጥ ሳይችሉ ቀሩ፤ ራሳቸውም ተነስተው በዝናቡ ውስጥ እየተራመዱ ወጡ።

እኛ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ካፖርታቸው ርሶ ጠቁሯል። እናቴን ሲያዩ ኮፍያ እንዳደረገ ሰው እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱና መለሱት።

"የዛሬውስ ይደረስበታል" አሏት። "አምና የመለስኳቸውን ግን ምን ብዬ ልጥራቸው? የተመለሰ ልጅ ስሙ አይጻፍም።"

እናቴ ያን ሳቅ ያልረሳች ሴት ናት። አንዳች ነገር ትላቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀረብ ብላ ጃንጥላዋን ወደ ላይ ዘረጋችላቸው፤ እሳቸው ረጅም ስለሆኑ በእግሯ ጣት መቆም ነበረባት። ፎዚያና እኔ ዝናቡ ላይ ቀረን።